ከደሴ ደጋ እስከ ሮቢት ሜዳ፦ አጭር የክረምት ጉዞ

በወሎ ምድር ለአጭር የክረምት ጉዞ ከሚመቹ መስመሮች አንዱ ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳና በወልዲያ አድርጎ ወደ ራያ ቆላ የሚወርደው አውራ ጎዳና ነው። ከደሴ እስከ ቆቦ ያለው ርቀት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሮቢት ቆቦ ለመድረስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋች የገበያ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ መንገደኛ ቀድማ ከምትገኘው ሸዋ ሮቢት የተለየች ናት። ርቀቱ ሳይቆሙ ከነዱት ከግማሽ ቀን አያልፍም። በዚህች አጭር ርቀት ግን ተጓዡ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ጠዋት በጉም ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ የግራር ጥላ ይፈልጋል። ከተማ ማየትና ገጠር መንዳት አንድ ላይ የሚሆኑበት፣ በሦስት ወይም በአራት ቀን የሚያልቅ ጉዞ ነው።

ብዙ ሰው ይህን መስመር በክረምት አይመርጠውም። ጎብኚ የሚበዛው ከመስከረም እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ መስቀል፣ ገናና ጥምቀት በሚከበሩበት ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪ የሚያርፈው፣ በውጭ አገር የሚኖረው ወገንም ልጆቹን ይዞ ወደ ቤተሰቡ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለራያ ቆላ ደግሞ ከእነዚህ ሁለት ወራት የተሻለ የመታያ ጊዜ የለም። በበጋ ሜዳው አቧራና የታጨደ አገዳ ነው። በክረምት ግን ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ውሃ መሬቱን ያረሰርሰዋል፤ ማሽላው ቁመት ያወጣል፤ ገበሬው ከጥማድ በሬው ጋር ማሳ ላይ ይውላል፤ በለሱ ይበስላል፤ ፍልሰታ ሲፈታም ልጃገረዶች ለሶለል በዓል ይወጣሉ። ክረምቱን ያላየ ሰው ራያን አየሁ ለማለት ይቸገራል።

ከሁሉ በፊት የሚነሳው ግን የጸጥታው ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ቆቦም ወልዲያም ደሴም በጦርነት አልፈዋል፤ ሰው አልቋል፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ወድሟል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የቀጠለው ግጭትም መንገዶችን አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፍት ቆይቷል። ስለዚህ ማንኛውም ተጓዥ ከመነሳቱ በፊት በመስመሩ ላይ ካሉ ዘመዶች፣ ከሾፌሮችና ከሆቴሎች የዕለቱን ሁኔታ መጠየቅ አለበት። መንገዱ አይመችም ከተባለ ጉዞውን ለሌላ ክረምት ማቆየት ነው። ሰላም ሲሆን ለሚሄድ ሰው ግን አገሩ የሚያሳየው ብዙ ነገር አለው፤ በእነዚህ ከተሞች የሚኖረው ነጋዴና የቡና ቤት ባለቤትም እንግዳ ሲመጣ ይጠቀማል።

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመኪና የሚመጣው በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበር ዋሻ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ሙሉ ቀን ይነዳል። በአውሮፕላን የሚመጣው ኮምቦልቻ ያርፍና በሐረጎ ዳገት ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። በክረምት ዳገቱ ላይ ጉም ስለሚተኛ በቀን መውጣት ይሻላል።

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች፣ ጎዳናዎቿ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት የሆኑ ከተማ ናት። በ1875 ዓ.ም. መባቻ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በአካባቢው ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ጅራታም ኮከብ መታየቱ፣ የከተማዋን ስያሜም ንጉሠ ነገሥቱ ማውጣታቸው ይተረካል። መናገሻ አድርገው ከተማ ያቆሟት ግን ራስ፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ትልቁ ቅርስ እርሳቸው ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ግብር የሚበላበት አዳራሽ ነበር፤ የወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም መኳንንት በአንድ ግቢ የተስተናገዱበትም ነው። ደሴ መጥቶ እርሱን ሳያይ የሚመለስ መንገደኛ የከተማዋን ታሪክ ራስ ሳያገኝ ይሄዳል።

ከተማዋ ሌላም የምታስታውሰው ቀን አላት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ለጦርነቱ መምሪያቸውን ወደዚያ አዛውረው ስለነበር ጥቃቱ ሲደርስ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲያነጣጥሩ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ተሰራጭቷል። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም በዚያ ቀን ተመትቷል። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የተቋቋመው የደሴ ሙዚየም ደግሞ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ሊጎበኘው ያሰበ ሰው ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ለደሴ አንድ ከሰዓትና አንድ ጠዋት ይበቃታል። ፒያሳን፣ ሸዋ በርንና አረብ ገንዳን በእግር መዞር ይቻላል፤ የመስጊድ አዛንና የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በአንድ ጎህ ሲሰሙ ወሎ በመከባበር የሚጠራው በምን እንደሆነ ይገባል። የክረምቱ ዝናብ በደጋ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚያይል ጠዋቱን ለእግር መንገድ፣ ከሰዓቱን ለአዳራሽና ለቡና ማድረግ ጥሩ ነው። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ እስኪያልቅ የሚቀመጡበት እንጂ ተጠጥቶ የሚኬድበት አይደለም፤ ዝናቡም እንደዚያው ያልፋል።

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ሲነዱ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል፤ የሐይቁ ውሃም ከጎኗ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ሐይቅ የሚገባ እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። በዳርቻው ወደ ውሃው በገባው ምድር ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኢትዮጵያ ታሪክ ከታላላቆቹ የትምህርት ቦታዎች ተርታ ይቆማል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገዳሙን አጠናክረው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ከተማሩት ይቆጠራሉ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1270ዎቹ ዓ.ም. ለገዳሙ ያበረከቱት የብራና አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ ካሉት ጥንታውያን መጻሕፍት አንዱ ነው። የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በነገሥታቱ ግቢ ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ ሥልጣን ነበረው። ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡም። ስለዚህ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ገሚሱ ገዳሙን ሲሳለም ገሚሱ በሐይቁ ዳር እንዲቆይ አስቀድሞ ቢነጋገር ቅሬታ አይኖርም። በሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ይቀርባል፤ በፍልሰታ ጾም የመጣ ጿሚ ግን የሐይቁን ውሃ አይቶ፣ ሽሮ በልቶ ያልፋል።

ከሐይቅ በኋላ በግራ በኩል የአምባሰል አምባዎች ይነሳሉ፤ ከኢትዮጵያ አራት ቅኝቶች አንዱ ስሙን የወሰደው ከዚህ አገር ነው። ውጫሌ ከተማ የሚታወቀው በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በጣሊያኑ ወኪል በኮንት አንቶኔሊ መካከል በተፈረመው ውል ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛውና በጣሊያንኛው ቅጂ የተለያየ መሆኑ ሲታወቅ የተፈጠረው ጠብ ወደ ዓድዋ አደረሰ። ውሉ የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ ከአውራ ጎዳናው ወጣ ያለ ስለሆነ በክረምት ጭቃው እንዴት እንደሆነ ውጫሌ ላይ ጠይቆ መሄድ ነው። ዓድዋን የሚያከብር ሰው ሁሉ ነገሩ የተጀመረበትን ይህን ኮረብታ ማየት ይገባዋል፤ በአገራችን ከታሪካቸው ክብደት አንጻር ጎብኚ ከሚያንሳቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ከውጫሌ በታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ውርጌሳ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ሾፌሩ ፍሬኑን ይዞ ከሚወርድ ማርሹን ቀንሶ ቢወርድ ፍሬኑ አይግልበትም። ጉሙ ከላይ ይቀራል፣ አየሩ ይሞቃል፣ የአትክልቱ ዓይነትም ይለወጣል። መርሳ ሲደረስ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ማንጎና ብርቱካን እንደ ወቅታቸው በመንገድ ዳር ተደርድረው ይሸጣሉ። ከመርሳ ወደ ወልዲያ ሲኬድ የሚገኘው የሲሪንካ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ቆላ ገበሬ ብዙ የሠራ ተቋም ነው፤ ቶሎ የሚደርሱ፣ ድርቅ የሚችሉ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት ይታወቃል።

ወልዲያ የየጁ አገር ከተማ ናት። በዘመነ መሳፍንት ጎንደር ላይ ተቀምጠው አገሪቱን በእንደራሴነት የገዙት የየጁ ራሶች ከዚህ አገር የወጡ ናቸው፤ የመጨረሻው ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት ተሸነፉ። በዛሬው ዘመን ከተማዋ የምትታወቀው በመንገድ መገናኛነቷ ነው። ከዚህ አንዱ ጎዳና ወደ ላሊበላና ወደ ባሕር ዳር ይወጣል፤ አንዱ ወደ ራያ ይወርዳል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 25 ሺህ ገደማ ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ከተማ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ለዚህ ጉዞ ወልዲያ ማደሪያ ናት፦ ነዳጅ የሚሞላባት፣ የመኪና ጎማ የሚታይባት፣ በማግስቱ ማልዶ የሚነሱባት።

ከወልዲያ ወደ ሰሜን መንገዱ በኮረብታዎች መካከል ወርዶ የአላውሃን ወንዝ ይሻገራል። ከዚያ ወዲያ ጎብዬ፣ ቀጥሎ ሮቢት፣ ቀጥሎ ቆቦ ነው። ኮረብታው ሲያልቅ ከፊት የሚዘረጋው ሜዳ እስከዚህ ድረስ በተራራ ወገብ ሲጠማዘዝ ለመጣ ሰው ዓይን የሚያሳርፍ ነው። በምዕራብ የላስታና የግዳን ደጋ እንደ ግንብ ቆሟል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ከአፋር ይለየዋል። በሁለቱ መሃል ያለው ሜዳ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ግራርና ቁልቋል ነው።

የሜዳው አፈጣጠር ከስምጥ ሸለቆ ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ወደ አፋር በሚገመስበት ዳርቻ ምድሪቱ በረጃጅም ስንጥቆች ተከፋፍላለች፤ በስንጥቆቹ መካከል ያለው ክፍል ሰምጦ ሸለቆ ሆነ፤ ዞብል ከወዲያ ማዶ ከፍ ብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለእልፍ ዓመታት የክረምት ጎርፍ ከደጋው አፈር፣ አሸዋና ጠጠር እያወረደ ጉድጓዱን ሞላው። ዛሬ ገበሬው የሚያርሰው ጥልቅ አፈር፣ ከሥሩ የተጠራቀመው የከርሰ ምድር ውሃም የዚያ ሥራ ውጤት ነው።

የሜዳውን ኑሮ የሚወስነው ይኸው የውሃ ጉዞ ነው። በላስታ ከፍታዎች ላይ የሚዘንበው ዝናብ በውሃ ከፋዩ ሸንተረር ላይ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምዕራብ የፈሰሰው ከተከዜ ጋር ሆኖ በአትባራ በኩል ዓባይን ይቀላቀልና ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ የወረደው በጎሊና፣ በሆርማትና በሌሎች ወንዞች አድርጎ የራያን ሜዳ ያቋርጣል፤ ከማሳና ከአሸዋ የተረፈው በዞብል ክፍተት አልፎ አፋር ምድር ውስጥ ይጠፋል፤ ባሕር አያይም። እነዚህ ወንዞች በበጋ ሰፊ የጠጠር መንገድ ይመስላሉ። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደጋው ላይ ከሰዓት በኋላ የዘነበው ዝናብ አመሻሹ ላይ ጭቃማ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ሮቢት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፤ እንግዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የራያ ገበሬ ከዚህ ጎርፍ ጋር ለብዙ ትውልድ የኖረበት ጥበብ ጎርፍ ጠለፋ ነው። ክረምት ሳይገባ በወንዙ ዳር በድንጋይ፣ በእንጨት፣ በቁጥቋጦና በአፈር ግድብ ይሠራል፤ ጎርፉ ሲመጣ ከፊሉ በግድቡ ተገፍቶ ወደ ቦይ ይገባል፤ ከትልቁ ቦይ ወደ ትናንሾቹ፣ ከትናንሾቹ ወደ እያንዳንዱ ማሳ ይከፋፈላል። ጎርፉ ውሃ ብቻ አያመጣም፤ ከደጋው የተጠረገ ለም አፈርም ይዞ ይመጣል፣ ማሳውን በየዓመቱ ያድሰዋል። አንድ ማሳ ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ ከጠጣ ዝናቡ ቶሎ ቢያቋርጥ እንኳ ማሽላው እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ነገር ግን ኃይለኛ ጎርፍ ሲመጣ ግድቡን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ የመንደሩ ሰው በደቦ ወጥቶ እንደገና ይሠራዋል፣ አንዳንዴም በአንድ ክረምት ደጋግሞ። ማን መጀመሪያ ያጠጣል፣ ከላይ ያለው ለታችኛው ምን ያህል ይለቃል የሚለው በሽማግሌና በተስማሙበት ተራ ይዳኛል። በኢትዮጵያ ስለ መስኖ ሲወራ ትልልቅ ግድቦች ይነሳሉ እንጂ ይህ ያለ ሲሚንቶ የሚሠራ የጋራ ሥራ ብዙም አይነሳም፤ ተገቢውን ክብር አላገኘም። ተጓዥ ሊያየው ከፈለገ ከጎብዬ እስከ ቆቦ ባለው መንገድ ማለዳ ላይ መኪናውን አቁሞ የማሳውን ባለቤት ሰላም ብሎ ቢጠይቅ የሚያሳየው አያጣም።

ማሽላ የዚህ ቆላ ዋና እህል ነው። እንጀራው ከእርሱ ነው፤ አገዳው የከብት መኖ፣ የቤት ክዳንና ማገዶ ነው። እንደ ጅጉርቲና ደጋሊት ያሉት የአገሬው ዝርያዎች ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ፤ የበልግ ዝናብ በወቅቱ ከጣለ በሚያዝያ ይዘሩና በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳሉ። በልግ ሲቀር ገበሬው እስከ ሐምሌ ጠብቆ ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። በሐምሌ የሚጓዝ ሰው በለጋው ማሽላ መሃል በበሬ ሲታረስ ቢያይ ሰብል የሚጠፋ ሊመስለው ይችላል። ይህ ሽልሻሎ ይባላል፤ የበዛውን ቡቃያ ያሳሳል፣ አረሙን ይገለብጣል፣ ውሃውም በትልሙ ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። የማሽላ ክፉ ጠላት አቀንጭራ የተባለው አረም ነው፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ላይ ተክሎ ምግቡን ይመጠዋል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ይህን አረምና ድርቅን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው። እሸቱ የሚደርሰው በመስከረምና ከዚያ በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ የሚመጣ ሰው ማማ ላይ ቆመው በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቁ ልጆችን ያያል፤ ጣፋጩን ጥንቅሽም ይበላል።

ከጎርፉ ሌላ የከርሰ ምድሩ ውሃም አለ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች በበጋ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሌላ አትክልት ይለማል፤ በሮቢትና በቆቦ የሚቆሙ ጭነት መኪናዎች ምርቱን ወደ ሌሎች ከተሞች ይወስዱታል። በክረምት ይህ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ መንገደኛው ያለ ሥራ የቆሙ ቧንቧዎችን ብቻ ሊያይ ይችላል።

ሮቢት ራሷ ሐውልትና ሙዚየም የሚታይባት ከተማ አይደለችም። የምትታየው በገበያ ቀኗ ነው። ከምዕራቡ ደጋ ገብስና ባቄላ የጫነ አህያ፣ ከቆላው ማሽላ፣ ፍየልና ግመል ይመጣል፤ ከዞብል ማዶ የሚመጡ አፋሮችም በራያ ገበያዎች ይገበያያሉ። የራያ ሰንጋ በትልቅነቱና በቀንዱ አገር የሚያውቀው ነው። በዚህ ሜዳ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተደባልቀው ሲነገሩ ይሰማል፤ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መንደር ይኖራል፤ በለቅሶም በሠርግም አይለያይም። ሰው ፎቶ ለማንሳት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ወግ ነው፤ ጠይቆ ያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ቡና ይጋበዛል። መንገድ ዳር በክረምት የሚሸጠውን በለስ ሻጩ ራሱ እሾሁን አንስቶ በቢላ ልጦ ስለሚሰጥ መንገደኛው ባይነካው ይሻላል፤ ደቃቁ እሾህ ጣት ውስጥ ገብቶ ቀኑን ያበላሻል።

የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 15 ቀን ሲያበቃ በማግስቱ የሚጀምረው የልጃገረዶች በዓል በቆቦና በአካባቢው ሶለል ይባላል። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው በዓል ወገን ነው። ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ለምለሙን ቅጠል በወገባቸው አስረው ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ እየዘፈኑ ባለቤቱን ያወድሳሉ፣ ስጦታም ይቀበላሉ። እስከ ነሐሴ 21 ቀን ድረስ ይዘልቃል። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የኖረች ልጅ በእነዚህ ቀናት ያለ ከልካይ ከእኩዮቿ ጋር ትውላለች። የራያን ውዝዋዜ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ሰው በአገሩ፣ በራሱ ሰው እግር ሲያየው ምን ያህል ኃይል እንዳለው ይረዳል። በእነዚህ ቀናት የሚመጣ እንግዳ በቆቦና በወልዲያ አልጋ አስቀድሞ ቢይዝ፣ ልጃገረዶቹ ወዳሉበት ሲጠጉም ለስጦታ የሚሆን ዝርዝር ገንዘብ ቢኖረው ጥሩ ነው።

በሜዳው ላይ መንዳት ከደጋው ይቀላል፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። አሳሳቹም ቀጥታነቱ ነው፦ ሾፌሩ ይፈጥናል፤ ግመል፣ ከብትና ባጃጅ ግን ሳይታሰብ መሃል መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ ወደ ዞብል ወይም ወደ ምዕራቡ ገጠር ለመግባት የፈለገ ሰው ከፍ ያለ መኪና ያስፈልገዋል፤ ለመመለስም ከቀትር በፊት መነሳት አለበት። የሞላ ወንዝ ውስጥ መኪና ማስገባት በየክረምቱ ሰው የሚያጠፋ ስህተት ነው። ጎርፉ ፈጥኖ እንደመጣ ፈጥኖም ስለሚጎድል አንድ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ብዙ ጊዜ በቂ ነው፤ የአገሬው ሰው ከቆመ ሾፌሩም ይቁም። የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል የሚጠጣ ውሃ በብዛት መያዝ ያስፈልጋል። ዝናቡ ከቆመ በኋላ፣ በተለይም ከመስከረም ጀምሮ የወባ ትንኝ ይበዛል፤ በአጎበር መተኛት ግድ ነው፤ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ቆላ እንደነበረ ለሐኪም መናገር አለበት።

ሮቢት ላይ ቡናና ምሳ ይገኛል፤ ለማደር ግን ቆቦ ወይም ወልዲያ ይመረጣሉ። ቆቦ ያደረ ሰው በማለዳ ከተነሳ በወልዲያ ቁርስ በልቶ፣ ሐይቅ ምሳ አድርጎ ከሰዓት በኋላ ደሴ ይገባል፤ በመውጫው ጊዜ ያላየውን ገዳም ወይም ይስማ ንጉሥን በመመለሻው ማየት ይችላል። ሁለት ተጨማሪ ቀን ያለው ደግሞ ከወልዲያ በድልብና በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ ይወጣል። ይህ መንገድ የራያን ጎርፍ የሚያወርደውን ደጋ በጀርባው በኩል ስለሚያሳይ ከቆላው ጉዞ ጋር ይሰምራል፤ ዳገቱ ግን ኃይለኛ፣ ጉሙም የበዛ ስለሆነ ለእርሱ ሙሉ ቀን መመደብ ያስፈልጋል።